ከስምንት እርምጃ ላይ

ቡሬ ላይ፣ የነቀምቱ መንገድ ከሚገነጠልበት ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ወንዳወቅ የቴሌቪዥን ሱቅ አለው። ከወንዳወቅ ጋር የሥጋ ዝምድና የለንም፤ አያቱ እማማ ሀብትነሽ በፍኖተ ሰላም አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ነገር ግን እሱ ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ፣ እኔም የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በእጄ አንድ ነገር ሠርቻለሁ። በዚያ ሥራዬ ሰበብ እናትና ልጅን ለጥቂት ሳልገድል ቀረሁ እያልኩ ስጸጸት ዕድሜዬን ገፋሁ። ለትምህርት ሦስት አገር፣ ለሥራ ደግሞ ከዚያ የበለጠ አገር ዞሬያለሁ። ሻንጣዬ በየአውሮፕላን ማረፊያው ብዙ ጊዜ ጠፍቶብኛል፤ ይህ ጸጸት ግን አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ባለፈው የካቲት ወደ ሱቁ ጎራ ስል ወንዳወቅ ከአንድ ደንበኛ ጋር ክርክር ይዞ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ ሁለት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን ተሰቅለው አንድ ዓይነት ወፍ ያሳያሉ።

«ይኸኛው ፎር ኬ ነው» ይላል ወንዳወቅ። «ስምንት ሚሊዮን ነጥብ አለበት። ያኛው ሁለት ሚሊዮን ነው ያለው።»

ደንበኛው ከማንኩሳ የመጣ የእህል ነጋዴ ነው። አንገቱን አዘንብሎ አንዴ ግራውን፣ አንዴ ቀኙን አየ። «እኔስ እንጃ! ይኸም ወፍ ነው፣ ያም ወፍ ነው።»

«ቤትዎ፣ ከሚቀመጡበት እስከ ግድግዳው ስንት እርምጃ ይሆናል?»

«ስድስት ቢሆን ነው። ሰባትም አያጣ።»

«እንግዲያው አንድ ናቸው። ከስድስት እርምጃ ላይ እነዚህን ሁለቱን የሚለይ ዓይን የለም። ተጠግተው የሚያዩ ከሆነ ነው ልዩነቱ ዓይንዎ ላይ የሚደርሰው።»

«ታዲያ ጎረቤቴ ምን ታይቶት ገዛው?»

«እሱንማ ጎረቤትዎን ይጠይቁ።»

ሰውዬው በሳቅ ፈነዳ። «አንተ ሰው፣ ነጋዴ ነህ ወይስ የነፍስ አባት?» አለና ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ያለውን በባጃጅ አስጭኖ ሄደ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ሳቄን ስጨርስ ግን «ከስድስት እርምጃ ላይ የሚለይ ዓይን የለም» ያለው ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እማማ ሀብትነሽ ቴሌቪዥን ያዩበት የነበረው አግዳሚ ከዚያም ይርቅ ነበርና።

ቴሌቪዥን ወደ ቀበሌያችን አዳራሽ የመጣው በጭድ ተከቦ፣ እንደ እንቁላል ነው። አናጢ ተጠርቶ ባለ ሁለት መዝጊያ የእንጨት ሳጥን ተሠራለት፤ የሳጥኑ ቁልፍ ከቀበሌው ዘበኛ ከጋሼ ይርሳው አንገት አይወርድም ነበር። ጋሼ ይርሳው ሳጥኑን ሲከፍቱ እጃቸውን አስቀድመው በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚነኩ ይመስል። ሲዘጉም እንደዚያው።

የቴሌቪዥኑ ጤንነት ግን በሳጥኑ ሳይሆን ከአዳራሹ ጀርባ በቆመው የብረት ምሰሶ ነበር። ከምሰሶው አናት ላይ አንቴናው ክንፉን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ከወገብ በላይ ደግሞ የእጅ መያዣ እንዲሆን ዱላ ተሰክቶበታል። ዱላውን ሲገፉት ምሰሶው ይዞራል፣ አንቴናውም አብሮ ይዞራል። ጋሼ ይርሳው ምስሉ የሚጠራበትን ቦታ ሲያገኙ ከሥሩ ባለው ድንጋይ ላይ በኖራ አሰመሩበት። ዱላው ከኖራው መስመር ጋር ሲገጥም ምስሉ እንደ ምንጭ ውኃ ይጠራል። አንድ ስንዝር ካለፈ መስተዋቱ ላይ ጤፍ ይዘንባል።

ጤፍ ያልነው እኛ ልጆቹ ነን። ነጭ ጤፍና ጥቁር ጤፍ ተቀላቅሎ፣ መስተዋት ላይ ሲንፈቀፈቅ ማለት ነው። ንፋስ ምሰሶውን ባነቃነቀው ቁጥር «ጋሼ ይርሳው፣ ጤፉ! ጤፉ!» ብለን አዳራሹን እናናጋዋለን። እሳቸውም ከውጭ ሆነው «አሁንስ?» ይላሉ። «ገና ነው!» «አሁንስ?» «ጠራ! ጠራ!»

ልጆች ወለሉ ላይ ከፊት፣ አዋቂዎች አግዳሚ ላይ ከኋላ እንቀመጣለን። እማማ ሀብትነሽ ከመጨረሻው አግዳሚ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር ቦታቸው። ምራታቸው ሠርክአዲስ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ስምንተኛ ወሯ ገብቶ ስለነበር ነፋሻ ቦታ ያስፈልጋታል። ከሳጥኑ እስከዚያ አግዳሚ ስምንት እርምጃ ነበር። ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው አግዳሚዎቹን በእርምጃ እየለካን የምንደረድረው እኛ ልጆቹ ስለነበርን ነው።

እማማ ሀብትነሽ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጣሉ። ቴሌቪዥን እያዩ መፍተላቸው ይገርመኝ ነበር፤ ዓይናቸው መስተዋቱ ላይ፣ ጣታቸው ጥጡ ላይ። «እማማ፣ ክሩን ሳያዩት አይበጠስም?» ስላቸው «ክር በዓይን መች ይፈተላል የኔ ልጅ፤ በጣት እንጅ» ብለውኛል።

ልጃቸው ክንፈሚካኤል ጦር ሜዳ ነበር። በዓመት በዓል ወደ ቤት ሲመጣ በትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ገበያ ያዞረኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከትከሻው ላይ ሆኜ የምይዘው ግራ ጆሮውን ነበር፤ ጫፉ የለም። ልጅ ሳለ በቅሎ ነክሳ ቆርጣበት ነው። «ያዥ፣ በዚያ በኩል እጀታ አለኝ» እያለ ያስቀኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ምሽት፣ ፀሐይ ገና እንደ ጠለቀች፣ ስለ ጦሩ የሚያሳይ አዲስ ዝግጅት ጀመረ። በሙዚቃ ነው የሚከፈተው። ወታደሮች ሰልፍ ይዘው ያልፋሉ፤ ከመካከላቸው አንደኛው ወደ እኛ ዞር ይላል፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያህል ያየናል፤ ከዚያ ያልፋል። ያን ዕለት ንፋስ ነበር። ሰልፉም ሰውየውም በጤፍ ውስጥ ነበር የሚሄዱት።

ከኋላ እንዝርት ወደቀ።

«ልጄ! ክንፈሚካኤል ነው!» አሉ እማማ ሀብትነሽ። ብድግ አሉና «እልልልል!» አሉ። አዳራሹ ሙሉ ወደ ኋላ ዞረ። «እልልልል!» ደገሙ፤ ሁለተኛው እልልታ ግን ከመሃሉ ተቋረጠ። ትንፋሽ አጥሯቸው መሰለኝ።

«የታል? የታል እማዬ?» አለች ሠርክአዲስ ሆዷን ይዛ እየተነሣች።

«አለፈ። አሁን አለፈ። ዞሮ ሲያየኝ ነው ያወቅሁት።»

ማንም አልተናገረም። አባቴ፣ መምህር አብተው፣ ወለሉን ያዩ ነበር። እናቴ የነጠላዋን ጥለት እየደጋገመች ታጥፍ ነበር። ጋሼ ይርሳው በበሩ ብቅ ብለው «ምንድን ነው?» አሉ፤ እማማ ሀብትነሽ ሲነግሯቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ተመልሰው ወጡ። እኔ በልቤ ሁሉንም ረገምኳቸው። የጎረቤት ልጅ በቴሌቪዥን ስለታየ የቀኑ ነበር የመሰለኝ።

አልቀኑም። የክንፈሚካኤል የሞት ወረቀት ለቀበሌው ከደረሰ ያን ዕለት ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ወረቀቱን አንብበው ለሽማግሌዎቹ የነገሯቸው አባቴ ናቸው፤ ተጣጥፎ የተቀመጠውም እኛ ቤት፣ ከመማሪያ መጻሕፍት መካከል ነበር። በአገራችን የሞት ወሬ እንደ ደረሰ አይወረወርም። ሽማግሌ ይመክርበታል፤ ቀን ይቆረጥለታል፤ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ተሂዶ ነው መርዶ የሚነገረው። ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ደግሞ ጭራሽ አይነገርም፤ ድንጋጤው ፅንሱን ያስወርዳል፣ እናቲቱንም ይዟት ይሄዳል ይባላል። ስለዚህ ሠርክአዲስ እስክትወልድ፣ ሕፃኑም ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከተማው ሙሉ አፉን ሊይዝ ተማምሎ ነበር። እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ሟቹ በቴሌቪዥን ታየ የተባለው።

ዝግጅቱ በየሳምንቱ ረቡዕ በዚያው ሰልፍ፣ በዚያው ዞር ባለ ወታደር ይከፈት ነበር። በየሳምንቱም እማማ ሀብትነሽ ከምራታቸው ጋር መጥተው ስምንት እርምጃ ላይ ይቀመጣሉ። ሌላው ነገር ሁሉ፣ ዜናውም ዘፈኑም፣ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቶ ይታያል፤ የዚያ ዝግጅት ሙዚቃ ሲጀምር ግን ሰማዩ ይከፈትና ጤፍ ይዘንባል። ሰልፉ ሲያልፍ ደግሞ ጤፉ ይቆማል።

«ዛሬም አየሁት» ይላሉ እማማ ሀብትነሽ በዝግታ፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ።

«ደኅና ነው እማዬ?»

«ደኅና ነው። ደኅና ነው የሚመስለው።»

እኔ በሦስተኛው ሳምንት ነቃሁ። ጤፉ የንፋስ ሥራ አልነበረም፤ የጋሼ ይርሳው ሥራ ነበር። ሙዚቃው ሲጀምር ተነሥቼ በመስኮት አየሁ። ዱላውን ከኖራው መስመር አርቀው፣ ደረታቸውን ተደግፈውበት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው መሰለኝ። ጸሎት ይሆናል ብሎ የሚያስብ ጭንቅላት ያን ጊዜ አልነበረኝም።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር በአጥሩ በኩል ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«እንደ ምንም ትናንትም አለፈ መምህር።»

«እስክትገላገል ነው። ትንሽ ቀን ነው የቀረው፤ አደራ።»

«አደራውስ ባልከበደኝ። የእርስዎ እንቁ ናት የምታስፈራኝ። ከፊት ቁጭ ብላ፣ በዚያ ዓይኗ፣ ሁሉን እንደ ዶሮ ትለቅማለች።»

«ልጅ ናት ይርሳው። ምን አውቃ?»

እኔም አጥሩ ሥር ሆኜ ለራሴ ተረጎምኩት። ጋሼ ይርሳው ሥራቸውን እየበደሉ ነው፤ አባቴ ያውቃሉ፤ ይሸፍኑላቸዋል፤ የሚፈሩት እኔን ነው። «እስክትገላገል» የተባለውን እንኳ ለመተርጎም አልቸገረኝም። ሠርክአዲስ ስትወልድ እማማ ሀብትነሽ አራስ ስለሚጠብቁ ወደ አዳራሽ አይመጡም፤ ያን ጊዜ ጠያቂ የለም፤ ለዚያ ነው የሚጠብቁት። እንዲህ ያለ ክፋት በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም ነበር። እናት ልጇን አጥርታ እንዳታይ!

በሚቀጥለው ረቡዕ ጋሼ ይርሳው ማንኩሳ ዘመዳቸው ተዝካር ሄዱ። ቁልፉን ለአባቴ ሰጡ። ዱላውን ደግሞ ከኖራው መስመር አርቀው፣ ከአጥሩ እንጨት ጋር በገመድ ጠፍረውት ሄዱ። ስለዚህ ያን ዕለት ዜናውም ሁሉም በጤፍ ውስጥ ነበር፤ ልጆች «ጤፉ!» ብለን ብንጮህ የሚሰማ የለም። አባቴ ከሳጥኑ አጠገብ ቆመው «ዛሬ ምሰሶው ታሟል፤ ዝም ብላችሁ እዩ» አሉ።

ዝግጅቱ ሊጀምር ሲል ሹልክ ብዬ ወጣሁ። ቋጠሮው የጠነከረ ነበር፤ በጣቴ እምቢ ሲለኝ በጥርሴ ፈታሁት። የገመዱ ጣዕም እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ አለ፤ ጭቃና የላም ጭራ የተቀላቀለ። ዱላውን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁ። ምሰሶው አቃሰተ። ሙዚቃው ተጀመረ። ኖራው መስመር ላይ አድርሼ በሙሉ ክብደቴ ያዝኩት።

«ጠራ! ጠራ!» ብለው ልጆቹ ሲጮሁ ሰማሁ።

ከዚያ ጩኸቱ በአንድ ጊዜ ጠፋ። አዋቂ ሰው አፋቸውን የያዘባቸው ይመስል ነበር። ሙዚቃው ብቻ ቀረ። እስኪያልቅ ድረስ ዱላውን አልለቀቅኩም፤ ሲያልቅ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ።

በሩ ላይ ስደርስ ያየሁትን እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ከሳጥኑ ውስጥ፣ ያ አዳራሽ አይቶት በማያውቀው ጥራት፣ አንድ የጦር መሪ ይናገራል፤ አንዲት ጤፍ እንኳ አትዘንብም። የሚያየው ግን አንድም ሰው አልነበረም። አርባ የሚሆን ሰው፣ ሕፃን አዋቂው፣ ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ወደ እኔ የዞሩ መሰለኝ። ምስሉን ያጠራሁት እኔ መሆኔን አውቀው የሚያመሰግኑኝ መሰለኝና ፈገግ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ያዩ የነበሩት ግን በበሩ አጠገብ የተቀመጡትን እማማ ሀብትነሽን ነበር።

እማማ ሀብትነሽ አርባውን ፊት አንድ በአንድ ተመለከቱ። እንዝርቱ አልወደቀም። ክሩን በእርጋታ ጠቅልለው እንዝርቱን መቀነታቸው ውስጥ ሻጡና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«አየሽው? እሱው ነው። ከስቷል እንጅ እሱው ነው።»

«እኔ እንኳ ከዚህ ሆኜ ደኅና አድርጌ አላየሁትም እማዬ። ግን … ያ ጆሮው አልታየኝም …»

«ጆሮው ምን ሆነ? ቆቡ ሸፍኖት ነው! እናቱ እኔ እያለሁ አንች ነሽ የምታውቂው?» ብለው ጉልበቷን መታ አደረጓት። ሳቁም። «በይ ተነሽ፤ ይኸ በር ብርድ ያስገባል።»

ተደጋግፈው ወጡ። እኔም የዓለም ደግ ሰው ሆኜ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ አባቴ ገመዱን ማን እንደፈታው ሲጠይቁ በኩራት ነገርኳቸው። ዱላ ይከተላል ብዬ ስጠብቅ አልመቱኝም። የልብስ ሳጥናችን ክዳን ላይ ቁጭ አሉና «እንቁ፣ ከእንግዲህ ያን ምሰሶ አትንኪ» ብቻ አሉኝ። ጋሼ ይርሳው ደግሞ ሲያገኙኝ ራሴን ዳብሰው «ይኸን ዓይንሽን ለትምህርት አድርጊው ልጄ» አሉ። ምክራቸውን ተቀብያለሁ ማለት ይቻላል።

ከዚያ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሠርክአዲስ ወንድ ልጅ ተገላገለች። እማማ ሀብትነሽ ሰባት ጊዜ እልል አሉ፤ መንደሩ ሁሉ ተቀበላቸው። የእናቴ እልልታ ከሁሉ ይረዝም ነበር። በአርባ ቀኑ ሕፃኑ ክርስትና ተነሣ። ክርስትናው በተነሣ በሦስተኛው ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ከእንቅልፌ ተነሣሁ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶች በዝምታ ቆመዋል። የናቴን ቀሚስ ይዤ ተከተልኩ።

አባቴ የእማማ ሀብትነሽን በር ሊያንኳኩ እጃቸውን ሲያነሡ በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

እማማ ሀብትነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ቆመዋል። ከኋላቸው ቤቱ ተጠርጓል፤ ወንበሩ ሁሉ ተነሥቷል፤ ለቀስተኛ እንዲቀመጥበት ወለሉ ላይ ሰሌን ተነጥፏል። ሽማግሌዎቹን ተራ በተራ አዩአቸው።

«ግቡ» አሉ። «ደከማችሁ እኮ።»

ከዚያ በኋላ ነው የጮኹት።

እኔ ክንፈሚካኤል ቴሌቪዥን ላይ ካየነው በኋላ የሞተ መስሎኝ ነበር ያደግሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ለናቱ አጥርቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ እያልኩ እጽናና ነበር። እውነቱን የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ለዕረፍት ስመለስ ነው። አባቴ የወረቀቱን ነገር፣ የአንቴናውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እማማ ሀብትነሽ ሰውየው ሌላ መሆኑን ለይተው አይተው «ታዲያ ልጄ የታል?» እንዳይሉ ነበር ያ ሁሉ ጤፍ። በመጨረሻም «ያን ዕለት ሀብትነሽ ጆሮውን አዩ» አሉኝ። «ሰውየው ዞር ሲል ሁለቱም ጆሮዎቹ ሙሉ ነበሩ። እኔም አየሁ። እሳቸው ጠንካራ ሴት ባይሆኑ፣ እዚያው ቢጮኹ ኖሮ፣ ያች ልጅ እዚያው በሩ ላይ …»

አልጨረሱትም። እኔ ግን በየአገሩ እየዞርኩ ስጨርሰው ኖርኩ። እማማ ሀብትነሽ ያረፉት እኔ ውጭ አገር ሳለሁ ነው፤ አልጠየቅኋቸውም።

ይህን ሁሉ በዚያ የካቲት ቀን፣ የማንኩሳው ነጋዴ ከሄደ በኋላ፣ ለወንዳወቅ አወራሁት። አብዛኛውን ከእናቱ ሰምቶታል። «የአያቴን ነገር? ጆሮውን አዩ የሚሉትን?» አለ።

«አዎ። ያን ገመድ የፈታሁት እኔ ነኝ።»

ወንዳወቅ የባሕር ዳሩ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያወጣው ሰው ነውና በሐዘን ፈንታ «ስንት ኢንች ነበር?» አለኝ።

«ምኑ?»

«ቴሌቪዥኑ ነዋ!»

እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። ካርቶን ቆርጦ ትልቁን ቴሌቪዥን ሸፈነና በመካከሉ እኔ ያሳየሁትን ያህል ብቻ መስኮት ተወለት። ከስልኩ አንድ የሰልፍ ፊልም አውጥቶ በዚያች መስኮት ልክ አሳነሰው። ከዚያ እየቆጠረ ተራመደ፤ ስድስተኛው እርምጃ ላይ የሱቁ ወለል አለቀ፤ በስምንተኛው ላይ ወንበሬን በረንዳው ላይ፣ ከባጃጆቹ አፍንጫ ሥር አስቀመጠው።

«ይቀመጡ እትዬ እንቁ። ጥርት ያለ ምስል ነው፤ የያኔው በሕልሙም የማያገኘው። ከፊት የሚሄደው ሰውዬ ጆሮ አለው ወይስ የለውም?»

አየሁ። መነጽሬን ጠርጌ አየሁ። «እኔ አሮጊት ነኝ፤ አንተ ራስህ እይ» አልኩት። ተቀመጠ፤ ዓይኑን አጠበበ፤ ራሱን ነቀነቀ። ደብተሯን ታቅፋ የምታልፍ ተማሪ ጠራ። «ነይማ እናት! የዚያ ሰውዬ ጆሮው ይታይሻል?»

«ጆሮ?» አለች ልጅቷ። «ኧረ ፊቱንም አልለየውም። ጋሼ፣ ለምን ካርቶኑን አያነሡትም?» ብላ እየሳቀች ሄደች።

«አዩ?» አለ ወንዳወቅ። «አንቴናው ጠራ አልጠራ፣ ከዚያ አግዳሚ ላይ ለውጥ የለውም። ስምንት ሚሊዮን ነጥብ ቢኖረውም ጆሮ አይታይም። መምህር አብተው የት ነበሩ?»

«ሳጥኑ አጠገብ። ቁልፉን ይዘው።»

«በቃ፣ ጆሮውን ያዩት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ስላዩ አያቴም ያዩ መሰላቸው።»

«አያትህ ግን ያን ዕለት አውቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ቀን፣ ከዚያም አርባ ቀን ችለውታል። በጆሮው ካልሆነ በምን አወቁ?»

ወንዳወቅ ካርቶኑን እየላጠ አሰበ። ሻጭ ነው፤ ሰው ምን እንደሚያይና ምን አየሁ እንደሚል ይለያል።

«ያን ዕለት ነው ያወቁት?» አለኝ። «በመጀመሪያው ረቡዕ፣ እልል ሲሉ፣ ማን ተቀበላቸው?»

አዳራሹ ታየኝ። ወለሉን የሚያዩት አባቴ፣ ጥለቷን የምታጥፈው እናቴ፣ ከመሃሉ የተቋረጠው ሁለተኛ እልልታ። በጎጃም አገር ሴት እልል ስትል፣ ሌላው ቀርቶ የተጣላች ጎረቤት እንኳ በአጥር በኩል ትቀበላታለች። ዝም የሚባል ነገር የለም።

«ማንም» አልኩት።

ወንዳወቅ ካርቶኑን አጣጥፎ ከበሩ ጀርባ አስቀመጠ። ወፉ በትልቁ መስተዋት ላይ ተመልሶ መጣ። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አየነው፤ እሱ ከቅርብ፣ እኔ ከበረንዳው።

አዋቂዎቹ ወረቀቱን ከመጻሕፍት መካከል ደበቁት። ምሰሶውን በየረቡዑ አዞሩት፤ በገመድም ጠፈሩት። የእማማ ሀብትነሽን እልልታ መቀበል ግን ረሱ።